ለዮናስ፣ ከጎንደር

ይድረስ ለልጄ ለዮናስ፤ እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትህን እንደ ልማዷ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። እንኳን ለልደትህ አደረሰህ። ስምህን ያወጣንልህ በጾመ ነነዌ ስለ ተወለድህ ነው፤ ዘንድሮም ጾሙ ሲገባ ሐሳቤ ሁሉ አንተ ጋ ነበር። ደስ ብሎኝ ልጽፍልህ ስቀመጥ ግን እኅትህ ለእናትህ እያለቀሰች የነገረቻትን ሰማሁ።

ስለ እጮኛዋ «ከሸክላ ሠሪ ዘር ጋር ማዕድ አልቆርስም» አልህ አሉኝ። ዮናስ፣ ያንን ቃል ሁለተኛ ከአፍህ እንዳልሰማ።

ልጁን አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ሲልክ ሥራውንም ጠባዩንም ጠይቄ አስጠይቄአለሁ። አያቱ እዚሁ ጎንደር አጠገብ ወለቃ መንደር ሸክላ ትሠራ እንደ ነበር የነገረኝ እርሱ ራሱ ነው፤ አልደበቀም፣ አንገቱንም አልደፋም።

አንተ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግህ ልጅ ነህ። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12ን አውጥተህ አንብብ። ሙሴ ኢትዮጵያዊቱን በማግባቱ ካሙት አንዷ የገዛ እኅቱ ማርያም ነበረች። ለምጽ ወጣባት፤ ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጭ ተዘጋባት። ያን ጊዜ የተናቀችው የእኛ ሴት ነበረች፤ እግዚአብሔር ግን አልናቃትም። ዛሬ እኛው ተነሥተን የማርያምን ሐሜት እናማ?

ስምህ የተወሰደበት ነቢይስ? ከኢዮጴ መርከብ ተሳፍሮ የኮበለለው ለምን ነበር? አምላኩ መሐሪ እንደ ሆነ፣ ነነዌንም እንደሚምራት ስላወቀ ነው፤ ራሱ በጸሎቱ ተናግሮታል። ከተማይቱ ስትድን ተቆጣ፣ ሞቱንም ለመነ። እግዚአብሔር የመለሰለትን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ ቀኝና ግራቸውን የማይለዩትን ከመቶ ሀያ ሺህ በላይ ሰዎች ነገረው፣ እንስሶቹን እንኳ ሳይተው። ከብዙ ዘመን በኋላ ጴጥሮስ ከዚያችው ከኢዮጴ ተጠራ። እርሱ ግን አልኮበለለም፤ ቂሣርያ ሄዶ ከሮማዊው መቶ አለቃ ከቆርኔሌዎስ ቤት ገባና «እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንዳያዳላ በእውነት አስተዋልሁ» አለ። አንተም እንደ ስምህ ነቢይ አትኩረፍ፤ እንደ ጴጥሮስ ግባ።

ያላወራሁህ አንድ ነገር አለ። ልጅ ሳለሁ አንዲት የወለቃ ሴት ጀበናና ምጣድ ይዛ ወደ ቤታችን ትመጣ ነበር። ቤተ እስራኤል ስለ ነበረች ቅዳሜ ሰንበቷ ነው፤ የምትመጣው በሌላ ቀን ነው። አያትህ ድምፅዋን ስትሰማ ቀድማ የታናሽ ወንድሜን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች፤ «ዐይኗ እንዳይበላው» ብላ። ሊጡንም ትከድናለች። ሴትዮዋ ይህን ታውቃለች። ዕቃዋን ደጃፉ ላይ ትደረድርና ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ትቆማለች። ዋጋ የሚከራከሩት እንዲሁ ነበር። ምጣዱን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ታሰማለች፤ ስንጥቅ እንደሌለው አያትህ በድምፁ እንድታውቅ።

በ1977 ዓ.ም. መምጣቷ ቀረ። ወገኖቿ በሌሊት በእግራቸው ወደ ሱዳን እንደ ወጡ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ እስራኤል እንደ ተወሰዱ፣ ብዙዎቹም በመንገድና በስደተኛ መጠለያ እንደ ሞቱ የሰማነው ቆይቶ ነው። እርሷ ትድረስ አትድረስ እስከ ዛሬ አናውቅም። አያትህ በስተርጅናዋ «ስንት ዓመት ደጄ ስትመላለስ ፊቷን አላውቀውም» እያለች ታለቅስ ነበር። ለማን ይነገር? ይቅርታ የሚጠየቀው ሰው የለም።

ምጣዷ ግን ቤታችን ቀረ። መጀመሪያ የቀመስኸው እንጀራ የተጋገረው በእርሱ ነው። ማዕድ አልቆርስም ያልህ ልጅ፣ ከሸክላ ሠሪ እጅ በልተህ ነው ያደግኸው።

ተቆጥቼ ጻፍሁ መሰለኝ። ክፉ ልጅ እንዳልሆንህ አውቃለሁ፤ ምሳህን ለቆሎ ተማሪ ሰጥተህ ጦምህን ስትውል በዐይኔ አይቼሃለሁ። ታዲያ ያ ቃል ከየት መጣብህ? ሰው በዘሩ እየተመዘነ ደም በሚፈስበት በዚህ ዘመን የእኔ ልጅ ሚዛኑን ሊያነሣ? አይሆንም። ያንን ቃል ደግመህ እንዳትናገር፤ በቀልድም ቢሆን፣ ከጓደኞችህ ጋርም ቢሆን።

ሰርጉ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። ከመሥሪያ ቤትህ ፈቃድ ከአሁኑ ጠይቅ። ከባሕር ዳር ስትመጣ ማለዳ ተነሣ፣ መንገድ ላይ አይምሽብህ፤ መታወቂያህንም አትርሳ። ለእናትህ ጉልበት የሚቀባውን መድኃኒት እዚህ አጥተናል፤ ካገኘህ ይዘህ ና። ጾሙን ስትጾም ደግሞ ውኃ ሳትጠጣ አትደር፤ ራስ ምታትህን አውቃለሁ።

ለእኅትህ ዛሬውኑ ደውልላት። ይቅርታውን በደብዳቤ አታድርገው፤ ድምፅህን ትስማ። እጮኛዋም ስልክ ቁጥርህን ከእኔ ወስዷል፤ በዚህ ሳምንት ይደውልልሃል። አንሣለት።

አባትህ