ስለ ወንድምሽ ነጭ ቫን

ውድ እህት ዓለም፣

ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብዬ ከርሜ ድንገት ስጽፍልሽ «ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» እንደምትይ አውቃለሁ፤ አልተሳሳትሽም፣ የምፈልገው ነገር አለኝ። ስለ ዝምታዬ ሰበብ መደርደር ብጀምር ዋናው ጉዳይ ሳይነሣ ወረቀቱ ያልቃልና ይቅር በይኝ ብዬ ልለፈው። ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ፀጉር ቤቱም እንደቆመ ነው፣ እኔም ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። የመጣሁበትን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፦ በዋሽንግተን አካባቢ ሰው በየመንገዱ በድብቅ እየተተኮሰበት ሲገደል በነበረበት በዚያ በኦክቶበር 2002 ወንድምሽ በነጭ ቫኑ ምክንያት የደረሰበትን በሰው ፊት ለመናገር ፈቃድሽን እፈልጋለሁ።

ነገሩን ያስነሣው ፊልም ነው። እዚህ ያሉ ልጆቻችን በወር አንድ ምሽት ፊልም እያዩ መወያየት ጀምረዋል፤ ከታላላቆችም ተራ የደረሰው ሰው አንድ ፊልም ይመርጥና ጥቂት ይናገራል። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ የስፓይክ ሊን «ሰመር ኦፍ ሳም» መረጥሁ። ትያትር የተማርሽው አንቺ፣ ፊልም ሲጀመር እንቅልፍ የሚወስደኝ እኔ፤ ስለዚህ ብትስቂብኝ አልቀየምም። ይህን ግን ሳልተኛ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ካየሁት ወዲህም ሌሊት እየነቃሁ ስለ እርሱ አስባለሁ።

ፊልሙ የወጣው በ1999 ሲሆን፣ የሚተርከው በ1977 የሙቀት ወራት በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሮንክስ ጣሊያናውያን በሚበዙበት ሰፈር የሆነውን ነው። ከእውነተኛ ታሪክ የተነሣ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ከጁላይ 1976 ጀምሮ አንድ ዓመት ሙሉ ዴቪድ በርኮዊትዝ የተባለ ወጣት በ.44 ካሊበር ሽጉጥ፣ በሌሊት መኪና ውስጥ በተቀመጡ ጥንዶችና በየደጃፉ በቆሙ ልጃገረዶች ላይ እየተኮሰ 6 ሰው ገድሎ 7 አቁስሏል። ለጋዜጠኛው ለጂሚ ብሬስሊን «የሳም ልጅ» ብሎ እየፈረመ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር። ስፓይክ ሊ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰጠው ገዳዩን በመፍራት ለተጨነቀው ሰፈር ነው፤ ጥበቡም እዚያ ላይ ይታያል። ገዳዩን ባሳየ ቁጥር ፊልሙ ይደክምበታል፤ ውሻ አፍ አውጥቶ ሲያናግረው ደግሞ፣ መሳቅ እንደማይገባኝ እያወቅሁ ስቄያለሁ።

ከሁሉ የሚያስቅሽ ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጉር ሠሪ መሆኑ ነው። ቪኒ ይባላል፤ ሚስቱን ዲዮናን ይወዳታል፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር መማገጡን ግን አይተውም። ያን ጊዜ የተገደሉት ልጃገረዶች ረጅም ጠቆር ያለ ፀጉር ነበራቸው ስለተባለ፣ የኒው ዮርክ ሴቶች ፀጉራቸውን እያስቆረጡ፣ ብሎንድ እየተቀቡ፣ ዊግ እየገዙ ነበር፤ ይህ በፊልሙ ብቻ ሳይሆን በእውነትም የሆነ ነው። እንደ ባለሙያ ሳየው፣ እነዚያ ሴቶች ቢያንስ ለፍርሃታቸው የሚያደርጉለት ነገር አግኝተው ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ፣ ፀጉርሽ መሬት ሲወድቅ እያየሽ፣ «ከእንግዲህ እኔን አይፈልገኝም» ብለሽ መነሣት ትችያለሽ። ያድናል አያድንም ሌላ ጉዳይ ነው፤ የመጨረሻዋ ሟች ፀጉሯ ብሎንድ ነበር።

እኛ በዚያ ኦክቶበር ምናችንን እንቁረጥ? በአንድ ጠዋት፣ ኦክቶበር 3 ቀን፣ እዚሁ ሜሪላንድ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ብቻ አራት ሰዎች ተገደሉ፤ አንዱ ሣር ሲያጭድ፣ አንዱ ታክሲው ላይ ነዳጅ ሲሞላ፣ አንዷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንዷ መኪናዋን ስታጸዳ። በቀጣዩ ሳምንት ቦዊ ውስጥ የ13 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ተተኩሶበት ቆሰለ። ወንድ ሴት፣ ጥቁር ነጭ፣ ልጅ አዋቂ አይልም። አንቺ ማደያው ውስጥ ካሸር ሆነሽ ትሠሪ ስለነበር፣ ሰዉ ከተኳሹ ዓይን ለመሰወር በተሰቀለው ሸራ ሥር አጎንብሶ ነዳጅ ሲቀዳ ያየሽውን እኔ ልነግርሽ አያስፈልግም። ለዚያ ሁሉ ፍርሃት መልክ የሰጠው «ነጭ ቫን ታይቷል» የሚለው ነገር ነበር፤ ፖሊስም ሕዝብም ነጭ ቫንና ነጭ የጭነት መኪና ሲያሳድድ ሰነበተ። ወንድምሽ ደግሞ ያቺን በእንጀራ የተሞላች ቫን ይዞ በመሐል።

ልጆቹ ይህን አያውቁም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ፎልስ ቸርች እንጀራ ለማድረስ ሲሄድ በአንድ ቀን ደጋግመው እንዳስቆሙት፣ አንድ ጊዜም በመሣሪያ ተከቦ አስፋልት ላይ እንደተንበረከከ፣ የኋላው በር ተከፍቶ የእንጀራው ክምር ሲገኝም በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ ጤፍ ምን እንደሆነ ማስረዳት እንደነበረበት ልነግራቸው እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ እንጀራውን በአንቺ ኮሮላ ማመላለስ ጀመረ፤ መኪናሽ እስከ ገና ድረስ ሆምጠጥ ያለ የእርሾ ሽታ ነበራት፣ አንቺም ሽቶ ረጭተሽበት ጭራሽ አባስሽው። የተፈለገችው መኪና ሰማያዊ ሼቭሮሌት ካፕሪስ ሆና ተገኘች፤ በዚያ ኦክቶበር 10 ሰው የገደሉት ሁለቱ ሰዎች ኦክቶበር 24 ማየርስቪል አቅራቢያ በሚገኝ የመኪና ማረፊያ ውስጥ ተኝተው ተያዙ። ወንድምሽ ግን ከዚያም ወዲያ ያቺን ቫን መንዳት አልቻለም፤ በርካሽ ሸጣት።

ወደ ፊልሙ ልመለስ፣ የሚያስጨንቀኝ ቦታ እዚያ ነውና። የሰፈሩ ጎረምሶች ውኃው ዳር፣ መንገዱ በሚያበቃበት ቦታ፣ ተቀምጠው የተጠርጣሪ ስም ዝርዝር ያወጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ የቤዝቦል ተጫዋቹን ሬጂ ጃክሰንን ይጠራል፤ ለምን ቢባል የማልያው ቁጥር 44፣ የገዳዩም ሽጉጥ .44 ስለሆነ። እዚህ ላይ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ጥቂት ቆይቶ ግን ጣታቸው ሪቺ ላይ ያርፋል። ሪቺ የገዛ ሰፈራቸው ልጅ፣ የቪኒ አብሮ አደግ ነው፤ ጥፋቱ ፀጉሩን እንደ ጃርት ማቆሙ፣ የውሻ ማሰሪያ አንገቱ ላይ ማድረጉ፣ ሳይወለድበት እንደ እንግሊዝ ሰው ማውራቱና እነርሱ የማይሰሙትን ሙዚቃ መስማቱ ነው። ከተደበቀበት ጋራዥ አባብሎ የሚያወጣላቸው ማን መሰለሽ? ቪኒ ነው። ትዳሩ ፈርሶበት፣ በኃጢአቱ ምክንያት እግዚአብሔር የሚያሳድደው መስሎት፣ አእምሮው በዕፅ ደንዝዞ፣ ጓደኛውን አሳልፎ ይሰጣል። ሪቺን ሲቀጠቅጡት እንጀራ አባቱ ሽጉጥ ይዞ ወጥቶ ያስጥለዋል፤ ለካስ ገዳዩ ተይዞ ቴሌቪዥን ላይ እየታየ ነው። እውነተኛው በርኮዊትዝ የዮንከርስ ነዋሪ፣ 24 ዓመቱ፣ ፖስታ ቤት የሚሠራ ሰው ነበር፤ ፍንጩም የተገኘው መኪናውን የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ አጠገብ በማቆሙ ከተጻፈበት ቅጣት ነው። በማንም ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

እንግዲህ አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እንዴት እንደምለውም አላውቅም። የሦስተኛው ፎቅ ሴትዮ።

ለጥቆማው ስልክ የደወለችው እርሷ መሆኗን ወንድምሽ እንዳይሰማ ተማምለን ነበር፤ እኔ እስካሁን ለማንም አልተነፈስሁም። ሴትዮዋ አሁንም ደንበኛዬ ናት፤ ለፋሲካ መጥታ ያንኑ ቀለም እቀባላታለሁ። ልጇ ደግሞ ይህን የፊልም ምሽት ከሚያዘጋጁት አንዱ ስለሆነ፣ ልጇን ለማየት ስትል መጥታ ፊት ለፊቴ እንደምትቀመጥ አልጠራጠርም። የወንድምሽን ታሪክ ስናገር ፊቷን ላለማየት የት ልመልከት? ይህን የምጽፍልሽ እርሷን ለመውቀስ አይደለም። ያን ጊዜ ልጆቿ ተቆልፎባቸው ከሚውሉበት ትምህርት ቤት በየቀኑ እየሮጠች ታወጣቸው ነበር፤ ነጭ ቫን ያየ ይደውል ተብላለች፣ በመስኮቷ ሥር ነጭ ቫን ቆሟል። ፊልሙ ከምፈልገው በላይ እንድረዳት አድርጎኛል፣ እርሱም ያናድደኛል። ቢሆንም ወንድምሽ ከእርሷ ቤት ስንት ጊዜ ቡና ጠጥቷል! ከዚያ ቤት ስልክ መነሣቱን ሳስብ ቪኒ ወደ ጋራዡ የሚሄድበት ቦታ ዓይኔ ላይ ይመጣል።

ስለ ፊልሙ ነውር ደግሞ ምን ላድርግ ትያለሽ? ስድቡና ራቁቱ ብዙ ነው፣ አባቶችም ይመጣሉ። ከሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃው ላይ ነውሩን ብቆርጠው የሚተርፈኝ የፊልሙ ሠሪዎች ስም ዝርዝርና የመጨረሻው ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ብቆርጠውም ቪኒ ጓደኛውን ለምን እንደሰጠ ማንም አይገባውም፤ የሚያሳድደው የገዛ ነውሩ ነውና። ስለዚህ አባቶችን ቀደም ብዬ አስጠነቅቃለሁ፤ የፈለገ ይመጣል፣ ያልፈለገ ቤቱ ይቀመጣል።

ከባዱ ይህ አይደለም። ፊልሙ ሲሠራ የሟቾቹ ወላጆች ሐዘናችንን መዝናኛ አደረጋችሁት ብለው ተቃውመው ነበር፤ በአንድ በኩል እውነት አላቸው ብዬ አስባለሁ። በእኛ በኩልም የኦክቶበሩ ሁለት ገዳዮች ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት በሴፕቴምበር 2002 አትላንታ ውስጥ የተገደለው ወገናችን አለ። «የእኛ ሰው ብቻ አይሁን» እያልን ገዳዩን በመፍራት ስንጸልይ፣ ከሟቾቹ አንዱ የእኛ ሰው መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። ዘመዶቹ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ይኖሩ ይሆን? በዚያ ምሽት ስለ ቫንና ስለ እንጀራ አውርቼ ሰው ባስቅ እነርሱ ምን ይላሉ? በዚህ ላይ ያንቺን ምክር እፈልጋለሁ፤ ምክርሽን ሳልሰማ የቀረሁባቸውን ጊዜያት አሁን እንዳታነሺብኝ።

እናም የምጠይቅሽ ይህን ነው። ወንድምሽን አነጋግሪልኝ፤ ስሙን አልጠራም፣ የሠራበትንም ጋጋሪ ቤት አልጠቅስም፣ ስለ ሦስተኛው ፎቅ ቃል አይወጣኝም። ራሱ መጥቶ ቢናገር ደግሞ መንገዱን እኔ እችላለሁ፣ ፀጉሩንም በነጻ እቆርጠዋለሁ፤ የቀረለት ካለ። ፊልሙ የሚታየው ከወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ስለሆነ እስከዚያው ሳምንት ረቡዕ ድረስ መልስሽን ላኪልኝ። እምቢ ካላችሁ የቫኗን ነገር ትቼ ስለ 1977ቱ ዊግና ቀለም ብቻ እናገራለሁ፤ እርሱን ከጀመርሁ ደግሞ ፊልሙ የሚታይበት ጊዜ እንደማይተርፍ አንቺ ታውቂያለሽ።

እህትሽ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ