ሞደርን ስለተጫወተ ያባረርነው ልጅ እና ሁለት ቁጥሯ ጆይስቲክ

ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ባለፈው ሰሞን የወጣቶች ገጻችሁ ላይ ስለ ፋይቲንግ ጌም (ሁለት ሰው ስክሪን ላይ የሚደባደብበት ጌም) የወጣችውን ጽሑፍ አንብቤ ነው ይሄን የምጽፍላችሁ። ጸሐፊው ጌም ሲባል ሁሌ ኳስ ብቻ ለምን ይወራል ያለው ነገር ደስ ብሎኛል፣ እሱስ ልክ ነው፣ ግን ሁለት ቦታ ላይ አልተስማማንም። አንደኛ የምር ተጫዋች መሆን የፈለገ አርኬድ ስቲክ (ዘንግና ቁልፍ ያለው፣ ጭን ላይ የሚቀመጥ ሣጥን) ይግዛ ብሏል፣ ሁለተኛ ስትሪት ፋይተር 6 ላይ ሞደርን የሚባለውን ቀለል ያለ ኮንትሮል የሚጠቀመውን ሰው ጌሙ ራሱ ይጫወትለታል ብሎ አሹፎበታል። በዚችው በሁለተኛዋ ነገር እኛ ሰፈር አንድ ወር ሙሉ ስንጨቃጨቅ ስለከረምን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሰፈራችን ያለው ጌም ቤት እንሰበሰባለን፣ አብዛኞቻችን ሠላሳን ያለፍን ሰዎች ነን (ሚስቶቻችን ምን እንደሚሉ አትጠይቁኝ)፣ አንዷ ፒኤስ 4 ላይ ስትሪት ፋይተር 6 ተጭኗል፣ ሕጉ የድሮው ነው፣ የተሸነፈ ይነሳል። አንድ ቅዳሜ አስራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የማናውቀው ልጅ መጣና ተራ ያዘ። ተራው ሲደርስ በቀኝ በኩል ያለችው ወንበር ላይ ቁጭ አለ፣ ሉክ የሚባለውን ተደባዳቢ መረጠ፣ ኮንትሮሉን ሞደርን ላይ አደረገ፣ ከዛ ሰባት ሰው በተከታታይ አስነሳ። እኔ አራተኛው ነበርኩ። ስምንተኛው ሰው ሊቀመጥ ሲል «ሞደርን አይቆጠርም፣ ማጭበርበር ነው» የሚል ጩኸት ተነሳ፣ በቃ ድምፅ ይሰጥ ተባለ፣ እኔም ይከልከል ብዬ እጄን አወጣሁ። ልጁ አንድም ቃል ሳይናገር ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሠሪው ካፕኮም ጌሙን እ.ኤ.አ. በ2023 ሲያወጣው የኮንትሮል ምርጫ አብሮ ሰጥቶበታል። ክላሲክ የሚባለው የጥንቱ ነው፣ ስድስት ቁልፍ፣ ሦስት ቡጢ ሦስት ርግጫ፣ ሀዶከን (የኃይል ኳሷን) ለመወርወር ታች፣ ሰያፍ፣ ወደፊት እያልክ በአውራ ጣትህ ሩብ ክብ ታዞርና ቡጢ ትጫናለህ፣ ሾርዩከን (እየዘለለ ወደ ላይ የሚመታው ቡጢ) ደሞ ወደፊት ከዛ ታች ከዛ ሰያፍ ነው፣ ያንን እጅህ እስኪለምደው ጣትህ ውሃ ይቋጥራል። ሞደርን ግን መምቻውን ወደ ሦስት ቁልፍ ያወርደውና አራተኛዋን ስፔሻል (የልዩ ምት ቁልፍ) ያደርጋታል፣ ወደፊት ይዘህ እሷን ስትጫን ሾርዩከኑ ወጣ፣ አለቀ። ዳይናሚክ የሚባል ሦስተኛም አለ፣ እሱ ለሕፃናትና ለእንግዳ ነው፣ ኦንላይንም አይሠራም፣ እንለፈው።

እና «ጌሙ ይጫወትለታል» የሚለው ሰው የማይናገራት ነገር አለች። ሞደርን በነፃ አልተሰጠም። በአንድ ቁልፍ ያወጣኸው ስፔሻልም ሆነ ሱፐር (ትልቁ ምት) የሚጎዳው ከመቶ ሰማንያውን ብቻ ነው፣ ሃያው ተቆርጦብሃል፣ ከቡጢና ከርግጫዎቹም ውስጥ ጭራሽ የሌሉህ አሉ። የሚገርመው ደሞ ሞደርን ላይ ሆነህም ጣትህን አዙረህ ብታወጣው ሙሉውን ይሰጥሃል። ይሄን እኔ ራሴ ሳላውቅ ነበር እጄን ያወጣሁት።

ያን ማታ ስተኛ ኤዲ ትዝ አለኝ። ቴከን 3 ላይ የነበረው ካፖዬራ የሚባለውን የብራዚል ድብድብ የሚደንሰው ኤዲ ጎርዶ፣ ፒኤስ 1 ላይ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ኤክስና ሰርክልን ዝም ብለህ ስትደቀድቅ በግራ በቀኝ እየተገለባበጠ ይራገጣል፣ ጨርሶ ጌም ነክቶ የማያውቅ ልጅ የሰፈሩን አንደኛ ይጥለዋል። ስለዚህ እኛ ጋ ግድግዳው ላይ በካርቶን «ኤዲ ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፎ ተሰቀለ። ዓመት ሙሉ በዚች ሕግ ነግሠን አንድ ቀን ፒያሳ ሄድን፣ እዛ ማንም ማንንም አልከለከለም፣ የቀረበልን የመጀመሪያ ሰው በኤዲ ነበር የመጣው፣ በየተራ አጥቦን ላከን፣ ከዛ እዛው ሰፈር ያለ ልጅ ቁጭ ብሎ ዝቅ እያለ ብሎክ አድርጎ ሲነሳ እየጠበቀ ሲመታው ኤዲ ምንም እንዳልሆነ አየን። እኛ ግን አላየነውማ፣ ከልክለነው ነበራ።

ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሞደርን ብቻ ልጫወት ብዬ ወሰንኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያው ሁለት ሦስት ቀን እንደ ንጉሥ ነው የሚሰማህ። ሰው ዘሎ ሲመጣብህ ክላሲክ ላይ ዓይንህ አይቶ አእምሮህ ሾርዩከን ብሎ አውራ ጣትህ እስክትዞር ድረስ ሰውየው ራስህ ላይ ወርዷል፣ ሞደርን ላይ ግን ካየህ ጨረስክ። በአራተኛው ቀን ግን ጓደኞቼ ነቁ። መዝለል አቆሙ። እየተራመዱ ይመጡና ልክ ሊመቱኝ ነው ስል ይቆማሉ፣ እኔ ደንግጬ ስፔሻሏን እጫናለሁ፣ ሾርዩከኑ አየር ይመታል፣ ከዛ ስወርድ ምን እንደሚያደርጉኝ ገምቱ። ያችን ቁልፍ ስላገኘኋት ብቻ በማይሆን ሰዓት ሁሉ እጫናት ነበር። ልጁ ግን ሰባት ሰው ሲያስነሳ አንድም ጊዜ ባዶ አየር ሲመታ አላየሁትም። የለም። ስለዚህ ያሸነፈን ቁልፏ አይደለችም፣ ልጁ ነው።

አሁን ወደ ስቲኩ ልምጣ (ጆይስቲክ የምለው እኛ ሰፈር እንደምንጠራት በሁለት እጅ የምትያዘዋን ነው)። ጃፓንና አሜሪካ ያሉት የድሮ ተጫዋቾች ስቲክ የሚወዱት ያደጉት ሳንቲም በሚበላው ማሽን ላይ ስለሆነ ነው፣ እጃቸው ያንን ነው የሚያውቀው። እኛ ያደግነው በምንድነው? በፒኤስ 1 ጆይስቲክ፣ በአውራ ጣት። እና ይሄ የድሃ ምርጫ መስሎ ለሚታየው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቮ ላይ፣ ማለትም የፋይቲንግ ጌም ትልቁ ውድድር ላይ፣ አልትራ ስትሪት ፋይተር 4ን ያሸነፈው ፈረንሳዊው ሉፊ የያዘው ያችኑ የፒኤስ 1 ጆይስቲክ ነበር። በ2024 ኢቮ ላይ ስትሪት ፋይተር 6ን የወሰደው አሜሪካዊው ፓንክም የጆይስቲክ ሰው ነው። በሌላ በኩል ደሞ ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራን ያህል በስቲክ ስም የገነነ ሰው በኋላ ዘንጉን ትቶ ሌቨርለስ ወደሚባለው ቁልፍ ብቻ ወዳለው ሣጥን ዞሯል። ታዲያ የምር ተጫዋች የትኛው ነው?

እኔ ስቲክ ከጓደኛዬ ተውሼ ሞክሬያለሁ። ደስ ይላል፣ ድምፁ ራሱ ደስ ይላል፣ ቀጭ ቀጭ ሲል ጎበዝ የሆንክ ይመስልሃል። ግን ሀዶከን ልወረውር ብዬ የምዘለው ነገር አለ፣ ዘንጉን አብዝቼ እገፋዋለሁ፣ አንድ ወር ሙሉ ከማላውቀው ሰው ሁሉ ጋር ተሸንፌ መለስኩለት። ሌቨርለስም ገዝቼ ነበር፣ ይሄኛው ታሪክ ያሳፍረኛል። ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ ርካሽ አግኝቼልሃለሁ ብሎ አመጣልኝ፣ ሰካሁት፣ ሠራ፣ ደስ አለኝ፣ ጌም ቤት ይዤው ሄድኩ። ሁለተኛው ጨዋታ መሃል ላይ ሰውዬዬ ቀጥ ብሎ ቆመ። ነቅዬ ስሰካው ሠራ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቀጥ። ኋላ ስጠይቅ ለካ ፒኤስ 4 ፍቃድ የሌለው ዕቃ ሲሰካበት ማረጋገጫ ይፈልጋል፣ ካላገኘ ስምንት ደቂቃ አሠርቶ ያቋርጠዋል። ኮምፒውተር ላይ ግን ምንም ችግር የለበትም፣ ኮምፒውተር ነው የሌለኝ። አሁን ልጄ ቁልፎቹን እየቀጨቀጨች ፒያኖ ነው ትላለች። እና ስቲክ ግዙ ብሎ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ቀላል ነው፣ ደህናው ዕቃ እዚህ ገበያ ላይ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሰው ማስቸገር አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ ከዛ ሁሉ በኋላ ለየትኛው ማሽን እንደተሠራ ካላየህ የኔ ዕጣ ይደርስሃል።

ስለዚህ ለጀማሪ የምለው ያለችህን ጆይስቲክ አስተካክላት ነው። አናሎጓን (ትንሿን ዘንግ) ተዋት፣ በቀስቶቹ ተጫወት፣ አናሎግ ስትለቀው ወደ መሃል እስኪመለስ ያታልልሃል። ከባዱ ርግጫ ሲጀመር አርቱ (R2) ላይ ነው የሚመጣው፣ አርቱ ደሞ እንደ ፍሬን ረጅም መንገድ ነው የምትወርደው፣ ጣትህ ከዘገየ ሴቲንግ ገብተህ ወደ ኤልዋን (L1) ቀይራት፣ ማንም አይከስህም። ፒኤስ 4 ላይ ገመድ ስለሰካህ ብቻ በገመድ እየሠራ አይምሰልህ፣ ሴቲንግ ውስጥ የኮንትሮለር መገናኛውን ዩኤስቢ ላይ ካላደረግከው በብሉቱዝ ነው የሚቀጥለው፣ ይሄን ስንቱ ሰው አያውቅም። ቲቪህም ጌም ሞድ (ምስሉን ሳያዘገይ የሚያሳየው ሴቲንግ) ካለው አብራው። በቃ ሌላው ልምምድ ነው፣ በተለይ በማይሆንልህ ጎን፣ ሁሉም ሰው ወደ ቀኝ ሲያይ የሚወጣለት ሾርዩከን ወደ ግራ ሲሆን እምቢ ይለዋል።

ይሄ ጎን የሚለው ነገር ነው ዋናውን ጉድ ያወጣው። ሁለቱ ሳምንት አልቆ ወደ ክላሲክ ስመለስ ግራ ጎኔን ልለማመድ ብዬ ማንም በሌለበት ማለዳ ሄጄ በቀኝ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እኛ ጋ ጆይስቲኮቹ ከወንበሩ አይነሱም፣ ግራ አንድ ቁጥር፣ ቀኝ ሁለት ቁጥር። ሀዶከን አልወጣም። እንደገና፣ አልወጣም። መጀመሪያ ጣቴን ነበር የረገምኩት። ከዛ ትሬኒንግ ሞድ ላይ የምትጫነውን የሚያሳየውን ከፈትኩና አየሁት፣ ታች የምትለዋ ቀስት ጠንከር ብላ ካልተጫነች አትመዘገብም፣ ጣትህ እያዞረ በላይዋ ሲያልፍ ጭራሽ አትሰማም፣ በሰከንድ ስድሳ ፍሬም (ምስል) የሚቆጥረው ጌም አንድም ፍሬም ታች አላየም። ማለት ጎማዋ አልቋል። ፎርጅድ ነገር ናት፣ ከመጀመሪያውም ኦርጅናል አልነበረችም።

እና ልጁ የተቀመጠው እዛ ነበር። ሰባቱንም ጨዋታ። አሸናፊ ከወንበሩ ስለማይነሳ እኛ በየተራ ደህናዋን አንድ ቁጥር እየያዝን ነው የተሸነፍነው፣ እሱ ማዞር በማይቻልባት ጆይስቲክ፣ ማዞር የማይፈልገውን ኮንትሮል መርጦ። ለካ ተራ ሲጠብቅ ከፊቱ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ሀዶከን እምቢ ሲላቸው እያየ ነበር። እኛ ስንት ወር «ቀኝ ወንበር ገድ የለውም» እያልን ስንቀልድ ነበር እኮ!

ለባለቤቱ ነገርኩት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ይቀየራል አለ፣ እስካሁን አልተቀየረችም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ድምፅ እንደገና ተሰጥቶ አምስት ለአራት ሞደርን ተፈቀደ፣ ከአራቱ አንዱ እስካሁን አያናግረኝም። ልጁ ግን ከዛ ቀን ወዲህ አልመጣም፣ ስሙንም አልጠየቅነውም፣ ሰፈሩም የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጋዜጣችሁን አባቱ ወይ አጎቱ ያነብ ይሆናል ብዬ ነው እንግዲህ። ሉክ የሚጫወት፣ ብዙ የማያወራ ልጅ ቤታችሁ ካለ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ይምጣ በሉት፣ በፈለገው ኮንትሮል ይጫወት፣ ሁለት ቁጥሯን እኔ እይዛለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሳሪስ