ልጄን ያሳመማት ቤት መዋሏ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

«ልጅቷ የታመመችው በኮሮና ጊዜ ቤት ዘግታ ስላሳደገቻት ነው» ሲሉኝ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁ ቆጥሬ አልጨርስም። ሰሞኑን አንዲት ወዳጄ ያንኑ ወቀሳ ሰምታ ከአዲስ አበባ እያለቀሰች ስትደውልልኝ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ልጄ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ2020 መጋቢት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። እስከ ሁለት ዓመቷ ንፍጥ እንኳ አይቼባት አላውቅም። በ2022 መስከረም የሕፃናት ማቆያ ገባች፤ በጥቅምት አንድ ማታ ትኩሳቷ ድንገት አሻቀበ። ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ ጥርሷ ገጠመ፣ እጅና እግሯ ይንዘፈዘፍ ጀመር። አማቴ ክብሪት ጭረው ጭሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጉ፤ ባለቤቴ ጥርሷን በማንኪያ ሊያላቅቅ ይታገላል። ያስቆመችን በስልክ ያገኘናት የአምቡላንስ ሠራተኛ ናት። «በጎኗ አስተኟት፤ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ሰዓት ያዙ» አለችን። የምድጃው ሰዓት ላይ አፈጠጥሁ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ እኔ ግን ልጄ የሞተች መስሎኝ ነበር።

ሆስፒታሉ ኮሪደሩ ሳይቀር ሕፃን ባቀፉ ወላጆች ተሞልቶ ነበር። በምርመራ የተገኘባት አር ኤስ ቪ የተባለው የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ነው።

በ2020 ጭምብሉ፣ የትምህርት ቤቶች መዘጋትና የጉዞው መቋረጥ ይህን ቫይረስና ኢንፍሉዌንዛን ከሞላ ጎደል አጥፍቷቸው ነበር። በምዕራብ አውስትራሊያ በዚያ ዓመት ክረምት በሕፃናት ላይ የተገኘው አር ኤስ ቪ ከቀደሙት ዓመታት በ98 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ገደቡ ሲላላ በበጋው ተመለሰ። ሳሙናና አልኮል እምብዛም የማይበግሩት ራይኖ ቫይረስ ግን ጉንፋኑን ሲያዛምት ቆየ። ትኩሳት ሲቀንስ በትኩሳት የሚመጣው መንዘፍዘፍም በየሆስፒታሉ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ግን አዲስ የተወለዱትም፣ በሦስት ዓመታቸው ገና ከቫይረሱ ጋር የተገናኙትም ባንድ ወቅት ታመሙ፤ ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ዝርያም የራሱን ትኩሳት ይዞ መጣ።

ታዲያ እናቶች ምን አጠፉ? አር ኤስ ቪ ይበልጥ የሚያሰጋው የአየር ቧንቧቸው ገና ጠባብ የሆነውን ጨቅላዎች ነው። ልጄ በሁለት ወሯ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ታመመች ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

ወዳጄ የልጇን መንዘፍዘፍ «የሚጥል በሽታ» እንዳይባልባት ከጎረቤት ደብቃለች። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ 100 ሕፃናት ከሁለት እስከ አምስቱ በትኩሳት ይንዘፈዘፋሉ፤ አብዛኞቹን የሚጥል በሽታ አይከተላቸውም። ይህ ማለት ግን ቤት ይቀመጡ ማለት አይደለም። ወባ ባለበት አካባቢ፣ የማጅራት ገትርም በሚያሰጋበት አገር፣ የተንዘፈዘፈ ልጅ ቢነቃም እንኳ በዚያው ቀን ይመርመር፤ መንዘፍዘፉ አምስት ደቂቃ ካለፈው ደግሞ እስኪቆም ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና ይሩጡ።

የጤና ዓምዳችሁ አንድ የሕፃናት ሐኪም ጋብዞ ስለ ክብሪቱና ስለ ማንኪያው በግልጽ ቢያስረዳልን እለምናለሁ።

የአንዲት ልጅ እናት፣
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ