ለልጄ፣ ስለ ረጅሙ ወረቀት

ውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የቺካጎ ብርድ እንደ ልማዱ ነው።

ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ የምርጫው ወረቀት በዳኞች ስም ተሞልቶ ሰለቸኝና ከላይ ያሉትን ብቻ መርጬ ወጣሁ» ስትዪኝ ሳቅሁ እንጂ አልተቆጣሁም። እኔም የመጀመሪያውን ጊዜ እንዲሁ አድርጌያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቺካጎ ባለችበት በኢሊኖይ ግዛት ለመራጭ የተሰጠውን ብታዪ ግን ያንቺን ትመርቂው ነበር።

ያኔ የግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት 177 መቀመጫ ነበረው፤ 59 የምርጫ ክልል፣ ከየክልሉ ሦስት ሰው። ከ1960ው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ድንበሩ እንደገና መሠመር ነበረበት። ምክር ቤቱ ያወጣውን አገረ ገዥው ኦቶ ከርነር ሻሩት። ከሁለቱ ፓርቲዎች አምስት አምስት ሰው ተመርጦ ለሽምግልና ተቀመጠ፤ እሱም ሳይስማማ ተነሣ። የያኔው ሕግ ደግሞ እንዲህ ሲሆን ክልሉ ቀርቶ ሁሉም በመላው ግዛት መራጭ ይመረጥ ይል ነበር።

እናም እያንዳንዱ መራጭ 236 እጩ ቀረበለት፣ 177 እንዲመርጥ። ወረቀቱ 33 ኢንች ይረዝም ነበር፤ «የአልጋ አንሶላ» ብለው ቀለዱበት። ያን ሁሉ ስም ማን ያውቃል? ፓርቲዎቹም ይህ ገብቷቸው የታወቀ ስም ፈለጉ። ዴሞክራቶቹ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው የነበሩትን የአድላይ ስቲቨንሰንን ልጅ ከፊት አሰለፉ፤ ሪፐብሊካኖቹም አባቱን ሁለት ጊዜ ያሸነፉትን የፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን ወንድም ኧርልን። ልጅየው የአባቱን ብድር መለሰ፤ ከሁሉም በላይ ድምፅ አገኘ።

እያንዳንዱ ፓርቲ ያቀረበው 118 ብቻ ነበር። በዚያው ምርጫ በሰፊ ብልጫ ባሸነፉት በዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ነፋስ 118ቱም ዴሞክራቶች ገቡ፤ ለሪፐብሊካኖቹ የተረፈው 59 ወንበር ነው። ከገቡት አንዱ ሃሮልድ ዋሽንግተን ነበሩ፣ በኋላ የቺካጎ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ የሆኑት። ይህን ሳስብ አንሶላውን መርገም ያቅተኛል። ቴክሳስ ውስጥ ግን ዳላስንና ሳን አንቶኒዮን እንዲህ በጅምላ ማስመረጥ የጥቁሩንና የሜክሲኮ ተወላጁን ድምፅ ስለዋጠው፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 ከልክሎታል።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የሰፈሯ መንገድ የፈረሰባት ባልቴት ከ177ቱ የማንን ደጅ ትጥና? በጃንሆይ ዘመን አንድ የምርጫ ወረዳ ሁለት እንደራሴ ነበረው። አያትሽ የመሬት ክርክር ሲገጥመው በቅሎውን ጭኖ ከሁለቱ ወደ አንዱ ሄደ። ሰውየው ምንም አልረዳውም፤ ግን አያትሽ እስኪሞት ድረስ የሚራገመውን ሰው ስም ያውቅ ነበር።

ኢሊኖይ በ1966 ወደ ክልሉ ተመለሰ። በ1980 ሕዝቡ 177ቱን ወደ 118 ቀነሰ፤ አሁን ለአንድ ክልል አንድ ሰው ነው። ከእነሱ አንዱ ያንቺ ነው። በሚቀጥለው ስትደውዪ ስሙን እጠይቅሻለሁ፤ ከስልክሽ ላይ ሳታነቢ ንገሪኝ።

እናትሽ በርበሬውን በሚመጣ ሰው እልካለሁ ብላለች።

አባትሽ