ከመጽሔቱ በፊት ሮስተሩ ይትረፍ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጣና ዙሪያ ያሉ አንጋፋ ትምህርት ቤቶች የምሥረታ በዓላቸው ሲቃረብ ቀድሞ የሚታሰበው ቲሸርትና መጽሔት ነው። መዝገብ ቤቱን ከፍቶ የሚያይ ጥቂት ነው። እንደ ድሬዳዋ ባቡር ያቆረቆራት ከተማ ሐዲዱ የደረሰበት ዓመት ስለሚታወቅ የትምህርት ቤቶቿን ዕድሜ ለማስላት መነሻ አላት። እኛ ዘንድ ማን መቼ እንደተማረ፣ ስንት ሴቶች እንደነበሩ፣ ስንቱ በመንፈቅ እንዳቋረጠ በስም ዘርዝሮ የሚናገረው ሮስተሩ፣ ማለትም የየክፍሉ ተማሪዎች መዝገብ ነው።

ሮስተሩን የሚፈጁት እርጥበትና ምስጥ ናቸው። ሲሚንቶ ላይ የተከመረ መዝገብ ክረምቱን ሙሉ ከሥር እርጥበት ይስባል፤ ግድግዳ የተደገፈውን ደግሞ ምስጥ ከጀርባ ይገባበታል። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ አፈር ሆኖ ይገኛል። መደርደሪያው ከወለል ስንዝር ከፍ፣ ከግድግዳ አራት ጣት ራቅ ይበል። ፌስታል ውስጥ መቋጠር የጠበቁት ይመስላል፤ የታፈነው እርጥበት ግን ሻጋታ ያወጣል። የራሰውን ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ይጨማደዳል። ጥላና ነፋስ ባለበት፣ በየገጹ መሐል ነጭ ወረቀት እያስገቡ፣ ያም ሲርስ እየለወጡ ማድረቅ ነው። ጋዜጣ ለዚህ አይሆንም፣ ቀለሙ ይጋባል። የተቀደደውን በስኮች መለጠፍ ከሁሉ ይከፋል፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆንና ሲላቀቅ ጽሑፉን ይዞ ይነሣል። ላሚኔት የተደረገም መመለሻ የለውም። የዛገ ስፒል ይውጣ። ከዚያ በስልክ ፎቶ ይነሣ፦ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ሽፋኑ መጀመሪያ፣ ከዚያ ገጽ በገጽ።

በዓመተ ምሕረት ብዙ ስህተት ይሠራል። ለምሳሌ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ምሥረታ 1963 ተብሎ የሚጠቀሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 1955 ወይም 1956 ይሆናል። ቁጥሩን ብቻ ገልብጦ «1963 ዓ.ም.» ያለ ሰው ተቋሙን ሰባት ስምንት ዓመት ያሳንሰዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት መሆኑን ጸሐፊው ይያዝ። የክፍል ደረጃም እንዲሁ ያሳስታል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በፊት አንደኛ ደረጃ ከ1 እስከ 6 ነበር፤ 7ኛና 8ኛ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባሉ ነበር። በ6ኛ ክፍል ያበቃ የድሮ ሮስተር ጎደሎ አይደለም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የታጣ ደብዳቤ ሁሉ ጠፍቷል ማለትም አይደለም። ባሕር ዳር በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ስለነበረች የዚያን ዘመን የመክፈቻ ፈቃድና የመምህራን ምደባ ግልባጭ መፈለግ ያለበት የግዛቱ ዋና ከተማ በነበረችው ደብረ ማርቆስ ነው። ለጎርጎራና ለሰሜኑ ዳርቻ ግን ጎንደር፤ ያ ወገን በጌምድር ነበር። ፈላጊው የመሥሪያ ቤቱን የዛሬ ስም ብቻ ይዞ አይሂድ፤ ማኅደሩ ላይ የተጻፈው የጠቅላይ ግዛቱና የአውራጃው ስም ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከባሕር ዳር