ጉድጓዱ አፍ ላይ አትቁሚ

ልጄ፣

የላክሽውን ፎቶ አየነው። እናትሽ «እንዴት አምሮባታል» አለች። እኔ ዓይኔ ያረፈው በረዶው ላይ ጫማሽ አጠገብ ያለው ጉድጓድ ላይ ነው። የቀለጠው ውኃ ሰማያዊ ቦይ ሠርቶ እየተንደረደረ የሚገባበት። ልጄ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ አትቁሚ። ጠርዙን ውኃ ከሥር ይበላዋል፤ ከላይ ደህና ይመስላል።

ግሪንላንድ ልትሄጂ ነው ከተባለ ወዲህ እኔም ማንበብ ጀምሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 እዚያው በረዶው ላይ የተኛ ሐይቅ፣ ስፋቱ 5.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተንዶልዱሎ ወደ ታች ገባ። ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለውን በረዶ ሰንጥቆ! ከሥር የገባው ውኃም በረዶውን ከአንድ ሜትር በላይ ብድግ አደረገው።

ውኃ ያን ያህል ክብደት ይሸከማል ቢሉኝ አልከራከርም። ከአጎትሽ ጋር በዚያ ዝናብ ሌሊት ስንመጣ የሆነውን ታውቂያለሽ። አንቺ ኋላ ወንበር ላይ ተኝተሻል። ውኃ የተኛበት አስፋልት ላይ ስንደርስ ጎማው መሬቱን ለቀቀ። መሪው እጁ ላይ ቅልል አለ። ፍሬን ረገጠ፤ መኪናው ግን አልሰማ አለ! እንደፈለገው ይንሸራተታል። አጎትሽ ትንፍሽ አላለም። መኪናው ዳር ይዞ ሲቆም ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጁ ነካካቸው። ዛሬም ያ ሌሊት ከተነሳ ወሬ ይቀይራል። አንቺ እስክንደርስ አልነቃሽም።

«ብዙ ውኃ ስላለ ብቻ በረዶው ወደ ባሕር መንሸራተቱ አይፈጥንም» ያልሽኝ ገብቶኛል። ዋናው ግፊቱ ነው። ሙቀቱ ሲጀምር የወረደው ውኃ በቂ መውጫ አያገኝም፤ በረዶውን ከአለቱ ያላቅቀዋል፤ በረዶው ይፈጥናል። ቆይቶ ውኃው ራሱ ከሥር እያቀለጠ ሰፊ መተላለፊያ ይከፍታል። ያኔ ግፊቱ ይተነፍሳል፤ ውኃው ቢበዛም በረዶው ቀስ ይላል። ብርዱ ሲመለስ የበረዶው ክብደት መተላለፊያውን ይደፍነዋል።

አሁን እኮ ገና ሙቀቱ መጀመሩ ነው! ትናንት ያለፍሽበትን ዛሬም ያው ነው ብለሽ እንዳትረግጪ። የበረዶውን እንቅስቃሴ የሚለካውን የጂፒኤሱን ባትሪ ልትቀይሪ ብቻሽን አትሂጂ። ገመድሽን ሌላ ሰው ይይልሽ። አንቺ ልጅ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ አትቁሚ ብያለሁ! ለፎቶም ቢሆን።

በሥራሽ እንደምኮራ ታውቂያለሽ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ስለ በረዶ አሰልችቼዋለሁ።

ትርፍ ጓንት ያዢ፤ አንዱን መጣልሽ አይቀርም። እሁድ ደውይ። ያን ፎቶ ደግሞ ለአጎትሽ እንዳትልኪለት።

አባትሽ