የጆን ፌሂን እጅም አስታውሱልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ አሜሪካዊው ጊታሪስት ጆን ፌሂ ያወጣችሁትን የአድናቂዎች ትዝታ አነበብኩ። ስለ ሞቴል ኑሮው፣ ስለ መጠጡና ስለ አስቸጋሪ ጠባዩ ብዙ ተብሏል። ስለ እጁ፣ ማለትም ስለ አጨዋወቱ፣ ግን አንድ መስመር እንኳ አጣሁ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2001 ሴለም፣ ኦሪገን ውስጥ 62 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ያረፈው ይህ ሰው በብረት ክር ጊታር ለብቻቸው ለሚጫወቱ ሁሉ አስተማሪ ነው። ለእሱ የሚገባው ትዝታ ከዚህ ይሰፋል።

ስለ አድናቂ ከተነሳ ደግሞ ትልቁ አድናቂ ራሱ ፌሂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የሚሲሲፒው ብሉዝ ተጫዋች ቡካ ዋይት የት እንዳለ የሚፈልጉት አድናቂዎቹ አያውቁም ነበር። ፌሂ ግን ዋይት በ1940 በቀዳው ዘፈን አበርዲን የምትባል ከተማ መጠቀሷን ልብ ብሎ፣ የዋይትን ስም፣ የድሮ ብሉዝ ዘፋኝ መሆኑንና የከተማዋን ስም ብቻ ጽፎ ደብዳቤ በፖስታ ላከ። ዋይት በወቅቱ ሜምፊስ ይኖር ነበር፤ ደብዳቤው በዘመድ በኩል ደረሰው። ፌሂ ራሱ በ1959 በ100 ቅጂ ያሳተመው የመጀመሪያ ሸክላው አንዱ ገጽ በራሱ ስም፣ ሌላው ብላይንድ ጆ ዴዝ በሚባል የፈጠራ ሰው ስም መውጣቱን ሁሉም እንደ ቀልድ ያወራዋል። ሸክላውን ሰምቶ እንዴት እንደተጫወተው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ፌሂ ከተለመደው ቅኝት ውጭ ብዙ ይጫወት ነበር። ክራር የቃኘ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ከሚጠቀምባቸው ቅኝቶች አንዱ ኦፕን ሲ ሲሆን፣ በድምፆቹ ስም ከወፍራሙ 6ኛ ክር እስከ ቀጭኑ 1ኛ ክር ሲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኢ ነው። ከተለመደው ቅኝት ተነስቶ 6ኛው ክር ሁለት ሙሉ ድምፅ፣ 5ኛውና 4ኛው አንድ አንድ ሙሉ ድምፅ ይላላሉ። 2ኛው ግማሽ ድምፅ ይጠብቃል። 3ኛውና 1ኛው ባሉበት ይቆያሉ።

ጀማሪ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ወፍራሞቹ ክሮች ሲላሉ የጊታሩ አንገት ላይ ያለው ጫና ስለሚቀንስ፣ ያልተነኩት ክሮች በራሳቸው ከፍ ይላሉ። አንድ ዙር አይበቃም፤ ከ6ኛው ጀምሮ እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል። የሚላላውን ክር ከሚፈለገው ድምፅ ትንሽ አሳልፎ ዝቅ ማድረግና ከዚያ ወደ ላይ እያጠበቁ ማድረስ ነው። ከላይ ወደ ታች መጥቶ የቆመ ክር ጥቂት ሲመታ ተመልሶ ይወርዳል። 6ኛው ክር ሲ ላይ ተቃኝቶ ፍሬቱን (አንገቱ ላይ ያለውን የብረት ዘንግ) እየነካ ዝዝ ካለ ደግሞ ጊታሩ ተበላሽቷል አይባልም፤ ክሩ ለዚያ ድምፅ ቀጥኗል ማለት ነው። ውፍረቱ 0.053 ኢንች ከነበረ በ0.056 ቢቀየር ይሻላል።

ቀጥሎ የቀኝ እጅ አውራ ጣት። በአራት እኩል ምት 6ኛ፣ 4ኛ፣ 5ኛ፣ 4ኛ ክር እየመታ ሳያቋርጥ ይሄዳል። ክሮቹ ሲ፣ ሲ፣ ጂ፣ ሲ ስለሆኑ ግራ እጅ ምንም ሳይጫን ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) ሙሉ ነው። በደቂቃ 60 ምት ላይ፣ ዜማ ሳይጨመር፣ አውራ ጣት ብቻውን ለቀናት ይለማመድ። ዜማው ሲገባ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው በሁለት ምት መሃል የሚመጣ ድምፅ ላይ ነው፤ ጠቋሚ ጣት ሲንቀሳቀስ አውራ ጣትም ተከትሎት ይንቀሳቀሳል፣ ባሱም ይቋረጣል። መፍትሔው መጀመሪያ የዜማውን ድምፆች ሁሉ ከአውራ ጣት ጋር እኩል መምታት፣ ያ ሲጸና አንዱን ድምፅ ብቻ ወደ መሃል መግፋት ነው። ሁለተኛው የሚገፋው የመጀመሪያው ሳይታሰብ መሄድ ሲጀምር ነው።

ፌሂ በጣቶቹ ላይ ፒክ (ጣት ላይ የሚጠለቅ ክር መምቻ) አጥልቆ ይጫወት ነበር። የብረቱ ፒክ ምላስ በጥፍር በኩል ሳይሆን በጣቱ ሆድ በኩል ይውላል፤ ብዙዎች ገልብጠው ያጠልቁታል። የአውራ ጣቱ የፕላስቲክ ፒክ ከላላ በየምቱ ስለሚዞር፣ ለጥቂት ሰከንድ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ በጣት ልክ ማጠፍና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማጽናት ይበቃል።

ስለ ፌሂ ዳግም የምትጽፉ ከሆነ፣ ከፎቶው አጠገብ የስድስቱን ክሮች ቅኝት በአንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ እንድታወጡልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ